እማዬ፣ ስግደቱ ትንሽ ይቆይ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሐዋሳም ሰላም ነው። በስልክ ሳወራሽ "ደህና ነኝ፣ አታስቢ" ብለሽ ቶሎ ስለምትዘጊው መጻፉ ይሻላል ብዬ ነው። መነጽርሽን አድርገሽ ረጋ ብለሽ አንብቢልኝ።

ባለፈው "ሁዳዴ ሲገባ ስግደቴን እጀምራለሁ" ያልሽኝ ከልቤ አልወጣም። ስግደት ለአንቺ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ክብደቱ ጉልበትሽን ይዞሽ ቆመሽ ብቻ ስታስቀድሺ፣ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግብሽ እሱ ነበር። ስለዚህ ተዪው አልልሽም። ሆድና ወገብሽ እስኪጠና ይቆይ ነው የምልሽ።

ክብደት ለመቀነስ ያደረግሽው የጨጓራ ቀዶ ጥገና ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የሚታዩት ትንንሽ ጠባሳዎች ብቻ ናቸው። ከጨጓራሽ ግን ሦስት አራተኛ የሚሆነው ወጥቷል። መሣሪያውም የገባው የሆድሽን ግድግዳ በስቶ ነው። ቆዳው ቶሎ ይገጥማል፤ ውስጡ ጊዜ ይፈልጋል። ሳይጠና ከባድ ነገር ብታነሺ በተበሳው በኩል አንጀት ገፍቶ ሊወጣ ይችላል። ሄርኒያ የሚሉት እሱን ነው። ውሃ በመጣ ቁጥር ጄሪካን እንደምታነሺ ስሰማ የምጨነቀው ለዚህ ነው። ባለ 20 ሊትሩ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፣ እማዬ! የጎረቤት ልጆች ይቅዱልሽ።

ሌላም ነገር አለ። ሰው በፍጥነት ሲከሳ የሚሄደው ስብ ብቻ አይደለም፤ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። በአንቺ ዕድሜ ደግሞ የሄደው በቀላሉ አይመለስም። ከወንበር ስትነሺ ጭንሽን በእጅሽ ገፍተሽ የምትነሺው ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል። ስግደት ደግሞ ከወንበር ከመነሳት ብዙ ይበልጣል። ትንበረከኪያለሽ፣ በእጅሽ መሬት ትደገፊያለሽ፣ ግንባርሽን ታስነኪያለሽ፣ ከዚያ መላ ሰውነትሽን ይዘሽ ትነሻለሽ። ሆድሽ ካልያዘልሽ ሸክሙ በሙሉ ጉልበትና ጀርባሽ ላይ ይወድቃል። ውሃ ሳትጠጪ ቶሎ ቶሎ ከተነሳሽ ደግሞ ያዞርሻል።

ሐኪምሽ ቀላል እንቅስቃሴ እንድትጀምሪ ፈቅደውልሻል፣ ጥሩ። ግን ከትንፋሽ ጀምሪ። ትንሽ ነገር ስለሚመስል ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ግን ዋናው እሱ ነው እላለሁ። በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበትሽን አጥፈሽ አንድ እጅሽን እምብርትሽ ላይ አድርጊ። በአፍንጫሽ ስትስቢ ሆድሽ ወደ ላይ ይነሳ። በአፍሽ ቀስ እያልሽ ስታወጪ እምብርትሽን ወደ ውስጥ ሳብ፣ ከታች ደግሞ ሽንት እንደያዘው ሰው ጠበቅ አድርጊ። እስከ አምስት ቁጠሪና ልቀቂው። ትንፋሽሽን ግን እንዳትይዢ። ትንፋሽ ሲያዝ በሆድ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ የምንሸሸውም እሱን ነው።

እሱን ስትለምጂው፣ እዚያው ተኝተሽ አንዱን ተረከዝሽን ፍራሹ ላይ እያንሸራተትሽ ዘርጊና መልሺ። ከዚያ ሌላውን። ወገብሽ ከፍራሹ አይነሳ። ቀጥሎ ግድግዳ በሁለት እጅ ተደግፎ መግፋት፣ ከዚያ እጅን ሳይጠቀሙ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ። የመመገቢያ ክፍሉ ጠንካራ ወንበር ይሻላል፤ ሶፋው ያሰምጥሻል። ይሄ ሁሉ ሳያምሽ ከሄደ፣ ምንጣፍ ላይ በእጅና በጉልበትሽ ሆነሽ አንድ እጅ ወደ ፊት መዘርጋት፣ ከዚያ አንድ እግር ወደ ኋላ። ይሄ እንግዲህ የስግደቱ ግማሽ ነው። ተኝቶ ብድግ የሚባለውን የሆድ ስፖርት ግን ማንም ቢልሽ አሁን አትሞክሪው። ከአልጋም ስትነሺ መጀመሪያ በጎንሽ ዙሪ፣ እግርሽን አውርጂ፣ ከዚያ በእጅሽ ገፍተሽ ተነሺ።

የእግር ጉዞሽን አታቋርጪ። ወንድሜ መስቀል አደባባይ ደረጃውን ላስወጣት ነው ሲለኝ ቆጣ አልኩት። እዚያ ጠዋት ጠዋት የሚሮጡት ወጣቶች ናቸው። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ዳገት ነው። ወደ ራስ መኮንን ድልድይም መውረዱ ይቀላል እንጂ መመለሻው አለ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ እኔ ራሴ ከዚህ ስመጣ ትንፋሽ ያጥረኛል። የሥላሴ ካቴድራል ግቢ ይበቃሻል። እያወራሽ መራመድ ከቻልሽ ፍጥነቱ ልክ ነው።

የጾሙን ነገር የንስሐ አባትሽን አማክሪ። ጡንቻ ያለ ፕሮቲን አይሠራም። ያዘዙልሽ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ነው፤ በዚያች ትንሽ ጨጓራ 55 ቀን ሙሉ ያለ እንቁላልና ያለ ወተት መሙላቱ ይከብዳል። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን እንደምታቀል ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። እሳቸው ጹሚ ካሉሽም መጀመሪያ ምስሩንና ሽሮውን በማንኪያ ብዪ፣ እንጀራው በመጨረሻ። ቫይታሚንሽንም አትርሺ።

ጠባሳው አጠገብ እብጠት ካየሽ፣ ካተኮሰሽ፣ ባትሽ ካበጠ ወይም ካመመሽ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ሁሉንም አቁሚና ወዲያው ሐኪም ቤት ሂጂ። እኔን ለመጠየቅ እንኳ አትጠብቂ።

ቅዳሜ ጠዋት በቪዲዮ እደውላለሁ። ስልኩን ቁም ሳጥኑ ላይ አስደግፊው፣ አብረን እንሠራለን። በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ደግሞ ስለ ስግደቱ ሐኪምሽን በግልጽ ጠይቂያቸው። "ስፖርት ትሠሪያለሽ?" ሲሉሽ አዎ ብለሽ እንዳታልፊው። በሁዳዴ በቀን ስንት ጊዜ እንደምትሰግጂ ንገሪያቸውና መቼ መጀመር እንደምትችዪ ይንገሩሽ። ያሉሽን በወረቀት ጻፊልኝ።

የምትወድሽ ልጅሽ