ለእማዬ፦ ስለ ባንጆው ጉዳይ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ልጆቹም ደህና ናቸው፤ ትምህርት ተዘግቶ ቤቱን ገለባበጡት እንጂ። እሑድ ስንደዋወል መስመሩ እየተቆራረጠ ያልኩሽ ነገር ግማሹ ሳይደርስሽ ቀረ። የቀረውን ደግሞ ወንድም ጋሼ በራሱ በኩል ሳይነግርሽ አልቀረም። ስለዚህ ብጽፈው ይሻላል አልኩ። እህቴ በትልልቅ ፊደል አትማ ትሰጥሻለች፤ መነጽርሽን አድርገሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ነገሩ ያው በተውሽው ክራር ፋንታ እንድትጫወቺበት ልንልክልሽ ያሰብነው ባንጆ ነው። ወንድም ጋሼ ዳላስ ሆኖ አንድ የሚያብለጨልጭ፣ ጀርባው በእንጨት የተዘጋ፣ ብረቱ ወርቅ የተቀባ ባንጆ መርጦ ፎቶውን ልኮልኛል። ዋጋው ከ2,000 ዶላር በላይ ነው፤ እኩል እናዋጣ ይላል። እኔ 300 ዶላር አካባቢ ከሚሸጡት አንዱን እንግዛ ብለው «ለእናቴ ርካሽ ዕቃ አልልክም፤ የደሴ ሰው ምን ይለኛል?» ብሎ ተቆጣ። ይህን የምጽፈው እሱን ልከስ ብዬ አይደለም፤ ፍቅሩን አውቃለሁ። ገንዘብ ሳስቼም አይደለም። የሚተርፈውን የጣሪያሽን ቆርቆሮ ብናስለውጥበት ደስታዬ ነው። ርካሹ ላንቺ የተሻለ ስለሆነ ነው። ምክንያቴን ስሚና ፍርዱን አንቺው ስጪ።

እዚህ በነበርሽ ጊዜ ጎረቤታችን በረንዳው ላይ ሲጫወት ሰምተሽ «ይቺ ከበሮ ናት ወይስ ክራር?» ብለሽኝ ነበር። ሁለቱም ናት። ክብ ማቀፊያ ላይ ቆዳ ተወጥሯል፣ ቆዳው ላይ ብርኩማ ቆሟል፣ ክሮቹ በብርኩማው ላይ ያልፋሉ። እስከዚህ ድረስ ያንቺው ክራር ነው። ልዩነቱ ቀንበርና ምሰሶ የሉትም፤ በነሱ ፋንታ አንድ ረጅም አንገት አለው። አንገቱ ላይ ፍሬት የሚባሉ ቀጫጭን ብረቶች ተርታውን ተቀብረዋል፤ ክሩን ከፍሬቱ ወደ ኋላ ጠጋ አድርገሽ ስትጫኚው ድምፁ ይቀጥናል። ቆዳ ያልኩሽም ዛሬ ዛሬ ቆዳ ሳይሆን ፕላስቲክ ነው። ይሄ ላንቺ ጥቅም አለው፤ ክረምት በገባ ቁጥር ክራርሽ እየረገበ ድምፁ ይታፈን የነበረው እዚህ አያጋጥምሽም።

«የፈረንጅ ክራር» ስትዪው ግን አልስማማም። ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት ተግዘው ወደ ካሪቢያን ደሴቶችና ወደ አሜሪካ የመጡ ሰዎች ናቸው ከቅልና ከቆዳ እየሠሩ የተጫወቱት። ሴኔጋልና ጋምቢያ ያሉ የጆላ ሰዎች አኮንቲንግ የሚሉት የቅል መሣሪያ ዛሬም አላቸው። ሦስት ክር አለው፤ አንዱ ከሌሎቹ ያጥራል፣ እሱን አውራ ጣት ነው የሚነካው። ያ አጭር ክር ባንጆ ላይ እስካሁን አለ። እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ ዊልያምስበርግ በሚባል ከተማ ሙዚየም ውስጥ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደቡብ ካሮላይና ውስጥ የተሣለ ሥዕል አለ። በባርነት የነበሩ ሰዎች ተሰብስበው ሲጨፍሩ አንዱ ቅል ባንጆ ይዞ ተቀምጧል። ዳግም ስትመጪ እወስድሻለሁ፤ ከእኛ ቤት በመኪና ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ነጮቹ የያዙት ከዚያ በኋላ ነው። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. ባልቲሞር ውስጥ ከበሮ ይሠራ የነበረ ሰው ሳይቀር ባንጆ እየሠራ ይሸጥ ነበር፤ ቆዳውን ዙሪያውን በብሎን መወጠርም ከከበሮ የመጣ ነገር ነው። እና እማዬ፣ የሩቅ ዘመድሽን ዕቃ ነው የምትይዢው።

አሁን ወደ ምርጫው። ባንጆ ባለ አራት ክር አለ፣ ባለ አምስት አለ፣ እንደ ጊታር ባለ ስድስትም አለ። ባለ አራቱን የአየርላንድ ዘፈን የሚጫወቱ ሰዎች ይወዱታል፤ በመምቻ በፍጥነት ነው የሚመታው። ባለ ስድስቱ ጊታር ለሚያውቅ ሰው ነው። ላንቺ ባለ አምስቱ ነው፣ እዚህ ላይ ወንድም ጋሼም አይከራከርም። ምክንያቱን ላስረዳሽ፣ እኔን ራሴን በጣም ያስደነቀኝ ይሄ ነው። ባለ አምስት ክሩን አብዛኛው ሰው የሚቃኝበት አንድ ቅኝት አለ፤ ግራ እጅሽን ምንም ሳታስነኪ ክሮቹን ብትመቺያቸው ተስማምተው ይሰማሉ። ክሮቹ የሚቆጠሩት ከአጭሩ ክር በተቃራኒ ካለው ጫፍ ጀምሮ ነው፤ አጭሩ አምስተኛ ይሆናል። ከዚያ ሦስተኛውን ክር ባዶውን ምቺ። ቀጥሎ እሱኑ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ተጭነሽ ምቺ። ሁለተኛውን ክር ባዶውን፣ አንደኛውንም ባዶውን፣ በመጨረሻ አንደኛውን ሁለተኛው ፍሬት ላይ። ትዝታ ነው! አምስቱም ድምፅ ያለው እዚያው ነው፤ አንድ ጣት አንድ ፍሬት ላይ ብቻ። ስድስተኛ ሆኖ የሚመለሰውን ከፍ ያለውን ድምፅ ደግሞ አጭሩ አምስተኛ ክር ሳትጫኚው ይሰጥሻል። የሚያሳዝነውን ትዝታ፣ ማይነሩን ከፈለግሽ፣ ሁለተኛውን ክር ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጊና በሁለተኛው ፍሬት ፋንታ አንደኛውን ክር አንደኛው ፍሬት ላይ ተጫኚ። ሦስተኛው ክር ላይ የነበረው እንዳለ ይቆያል። ባቲና አምባሰልን እየፈለግኩ ነው፤ ሳገኛቸው በድምፅ ቀድቼ በቴሌግራም እልክልሻለሁ። ባለቤቴ ግን ቤቱ ሌሊት ሌሊት ትዝታ ቤት ሆነ እያለች ታማርራለች።

የቀኝ እጅሽም ብዙ አይቸገርም። ክሎሃመር የሚባል አመታት አለ፤ በጥፍር ጀርባ ክሩን ወደ ታች መምታትና ወዲያው በአውራ ጣት አጭሩን ክር መንካት ነው። ሁልጊዜ ወደ ታች፣ ወደ ታች። በቀበሌ ኪነት ጊዜ ክራሩን ስትገርፊ ያየሽ ሰው፣ ይሄ ላንቺ የተሠራ ነው ይላል። እነ ሜሪ አርምዴንና አስናቀች ወርቁን በሬዲዮ እየሰማሽ የለመድሽው እጅ ዝም ብሎ የሚረሳ አይመስለኝም። የሚለየው ግራ እጅ ነው። በክራር ግራ እጅሽ ከክሮቹ ኋላ ሆኖ አንዱን ያፍናል ሌላውን ይለቃል፤ በባንጆ ግን ይጫናል። ጣትሽን የሚያምሽ ከሆነ ብረት ክር አይመከርም። ናይለን ክር አስገብቼ እልክልሻለሁ፤ ለጣት ይለሰልሳል፣ ድምፁም ወደ ክራር ይጠጋል። በጣም የሚያስደስተኝ ደግሞ መቃኛው ነው። ክራሩን የተውሽው ቀንበሩ ላይ የተጠቀለለውን እያጠበቅሽ መቃኘቱ ጣትሽን ስላስቸገረ አልነበር? የባንጆው መቃኛ ጥርስ ያለው ስለሆነ በሁለት ጣት ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ካቆምሽበትም አይመለስም። ጫፉ ላይ የሚሰካ ትንሽ መለኪያም እጨምርልሻለሁ፤ ክሩ ልክ ሲመጣ አረንጓዴ ያበራል።

እንግዲህ የወንድም ጋሼ ባንጆ ጥፋቱ ምን ላይ ነው? ጥፋት የለበትም፤ ለሌላ ሰው ነው የተሠራው። ጀርባው የተዘጋው ድምፁን ወደ ፊት እንዲወረውር ነው፤ ከማሲንቆ መሰሉ ፊድልና ከጊታሩ መሃል ተለይቶ እንዲሰማ። ኤርል ስክረግስ የሚባል የሰሜን ካሮላይና ልጅ በ1945 እ.ኤ.አ. ከቢል መንሮ ባንድ ጋር ሆኖ በሦስት ጣት፣ ጣቶቹ ላይ መምቻ አጥልቆ እንደ ዝናብ ሲያወርደው ሰው ጉድ አለ። ከዚያ ወዲህ የመድረክ ባንጆ ማለት ይሄው ሆነ። ግን አምስት ኪሎ ያህል ይመዝናል! የታመመ ጉልበትሽ ላይ አምስት ኪሎ አስቀምጠሽ ምን ልትጫወቺ ነው? ጩኸቱንም ተይው፤ ከግቢው አልፎ መንገድ ይደርሳል። ጀርባው ክፍት የሆነው ግን ቀላል ነው፣ ድምፁም ለክፍል የሚበቃ ነው። እሱም ከበዛብሽ ከውስጥ በኩል ቆዳውን ተደግፎ አንድ ካልሲ ሸጉጪበት፤ እዚህ አገር ያሉ ተጫዋቾችም እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።

ርካሽ ስል ግን ማንኛውንም ርካሽ ማለቴ አይደለም፣ እዚህ ላይ ወንድም ጋሼ ትንሽ እውነት አለው። ከ150 ዶላር በታች ሳጥን ውስጥ ከነመማሪያ መጽሐፉ የሚሸጡ አሉ። አብዛኞቹ ለማየት ደስ ይላሉ፤ ይዘሻቸው ስትቀመጪ ግን ክሮቹ ከአንገቱ በጣም ስለራቁ መጫን ትግል ነው፣ መቃኛውም ይንሸራተታል። ጀማሪ በነሱ ጀምሮ እጄ አልታዘዝ አለኝ ይላል። ከ200 እስከ 350 ዶላር ባለው መሃል ግን ደህና ደህና ዕቃ ይገኛል። ሪኮርዲንግ ኪንግ የሚባለው ጥሩ እንጨት ያለው አለው። እኔ ያሰብኩልሽ ፍሎሪዳ ያለው ጎልድ ቶን የሚያወጣውን አንዱን ነው፤ ማቀፊያው እንጨት ሳይሆን ጠንካራ ፕላስቲክ መሰል ነገር ነው። ለዓይን አያምርም፣ እውነቱን ልንገርሽ። ግን ደረቅም እርጥብም አየር አያጎብጠውም። ወንድም ጋሼ «ክብር ይቅደም» ካለ ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዲሪንግ የሚሠራው ጉድታይም አለ። ከ600 ዶላር በላይ ነው፣ ሁለት ኪሎ አይሞላም፣ ጀርባው ክፍት፣ እንጨቱም ነጣ ያለ ቆንጆ። እዚያ ላይ ልንታረቅ እንችላለን። ያገለገለ ልግዛ ብዬም ነበር፤ በፎቶ አይቶ አንገቱ መጉበጥ አለመጉበጡን ማወቅ ስለማይቻል ተውኩት።

አላላኩን በተመለከተ፣ መስከረም ውስጥ የሚገባ ሰው አግኝቻለሁ። ርዝመቱ አንድ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ስለሚቀረው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ በራሱ ማኅደር በእጁ ይዞልሽ ይመጣል። ወንድም ጋሼ አንገቱን ፈትተን እንላከው ይላል። ይፈታል፣ እውነት ነው፤ ግን ደሴ ላይ ማን መልሶ ይገጥመዋል? ክሮቹን ትንሽ አላልቼ እልካለሁ። አንድ ነገር ግን አደራ። ብርኩማው አልተለጠፈም፤ የክሮቹ ጫና ነው የያዘው፣ መንገድ ላይ ሊንሸራተት ይችላል። የሚቆምበትን ቦታ ቆዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አደርግልሻለሁ። ምልክቱ ቢጠፋ ክሮቹ ከመቃኛዎቹ ወርደው ከሚያርፉባት ትንሽ ድጋፍ እስከ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት በክር ለኪ፤ ያው ልክ ከአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ተነስቶ የሚያርፍበት ነው የብርኩማው ቦታ። ከዚያ ከወጣ ቃኝተሽ ቃኝተሽም ስትጫኚው ድምፁ ይጣመማል፤ ጥፋቱ የጆሮሽ እንዳይመስልሽ። ክር ስትቀይሪም አንድ በአንድ ነው፤ ሁሉንም ብትፈቺ ብርኩማው ወዲያው ይወድቃል። ዙሪያውን ያሉትን ብሎኖች አትንኪያቸው፣ ልጆችም እንዳይነኳቸው።

እንግዲህ ከአንቺ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የግራ እጅሽ ጣቶች ጠዋት ጠዋት ምን ያህል እንደሚታጠፉ ለእህቴ አሳዪያትና ፎቶ ታንሳልኝ፤ የአንገቱን ስፋት በዚያ ነው የምመርጠው። ሁለተኛ፣ ወንድም ጋሼ ቅዳሜ ሲደውል «ቀላሉን ነው የምፈልገው» በዪው። እኔ ጻፍኩልሽ እንዳትዪ። ከአፍሽ ከሰማው ይቀበላል፤ ከእኔ ሲሰማው ግን ታናሽ ሆኜ ልመክረው የተነሳሁ ይመስለዋል።

ለአክስቴ ሰላምታዬን አድርሺ። የጉልበትሽን መድኃኒት ደግሞ ሲሻልሽ እያቋረጥሽ እንደሆነ እህቴ ነግራኛለች፤ ሐኪሙ እስካልፈቀደ ድረስ አታቋርጪው። ልጆቹ እጅሽን ይስማሉ።

የምወድሽ ልጅሽ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ