ካርቶኑ ላይ ያለችው አንዲት ጠብታ፦ የአውቶ መካኒክ ክበብ የዘንድሮ ዘገባ

ዘንድሮ ከመምህራን ማረፊያ እስከ ወላጆች ስብሰባ በየሄድኩበት የተጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ነው፣ «ቲቸር፣ ያቺ ቮልስ መቼ ነው የምትንቀሳቀሰው?» ከወርክሾፑ ጀርባ የቆመችውን የክበባችንን ቮልስዋገን መኪና ሁላችሁም ስለምታውቋት ስለሷ ብዙ አልልም። አዎ፣ አልተንቀሳቀሰችም። ግን ዓመቱን ሙሉ ዘይት የምታፈስበትን ቦታ አንድ በአንድ ስንዘጋ ነው የከረምነው፣ ይሄ ደግሞ ቀለም ከመቀባት በላይ እውቀት የሚጠይቅ ስራ መሆኑን ማንም መካኒክ ይመሰክርልናል።

ስብሰባው፣ የኮሚቴ ምርጫው፣ የወርክሾፕ ጽዳቱ እንደ ሁሌው ተካሂዷል።

ሞተሩን አውርደን ከስሩ ያለችውን የዘይት ወንፊት ስናወጣ መጀመሪያ ያየነው ቀይ ክር የሚመስል የሲሊኮን ቁርጥራጭ ነው፣ ወንፊቷን ግማሽ በግማሽ ደፍኗታል። ከኛ በፊት የሰራት ሰው በየመጋጠሚያው ሲሊኮን እያፈሰሰ ነው የገጠማት። ሲሊኮን ብሎኑ ሲጠብቅ ወደ ውጪ የሚወጣውን ያህል ወደ ውስጥም ይወጣል፣ የውጪውን በጨርቅ ይጠርጉታል፣ የውስጡ ግን አንድ ቀን ተቆርጦ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ወንፊቱ ሲደፈን ፓምፑ ዘይት መሳብ ያቅተውና ሞተሩ በደረቁ ይበላል። ልጆቹ ያንን ቁርጥራጭ ጠርሙስ ውስጥ ከተው መደርደሪያው ላይ አስቀምጠውታል፣ አዲስ አባል ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳዩት እሱን ነው።

ከዛ በኋላ ነው የትኛው ቦታ ምን ይፈልጋል የሚለውን በደንብ የጀመርነው። የጋስኬት ሴቱን (በብረቶች መሃል ገብተው የሚያሽጉትን ልባጦች) ዘርግተው ቆጠሩትና «ቲቸር የቴስታታ ጋስኬት የለውም፣ ጎደሎ ነው፣ ይመለስ» አሉ፣ እኔም ቴስታታውን፣ የሲሊንደሮቹን አፍ የሚከድነውን ብረት፣ ፈተው በአይናቸው እስኪያዩ ዝም አልኳቸው። የዚች ሞተር ሲሊንደርና ቴስታታ ብረት ለብረት ነው የሚገናኙት፣ ሁለቱ የሞተር ግማሾች ሲገጠሙም ስስ የማሸጊያ ቅባት እንጂ ጋስኬት የላቸውም፣ እዛ ጋ ወፍራም ነገር ያስገባ ሰው ልኬቱን ነው የሚያበላሸው። የቫልቭ ክዳኖቹ ግን ቆርቆሮ ስለሆኑ ቡሽ ይፈልጋሉ፣ በክዳኑ በኩል ማስቲሽ በቴስታታው በኩል ግሪስ ቀብተን ነው የገጠምነው፣ ሌላ ጊዜ ሲከፈት እንዳይቀደድ። አየር ሲያጣ የሚደርቀው ማሸጊያ ደግሞ ቀጥ ብሎ በማሽን ለተስተካከለ ጠንካራ ፊት እንጂ ለቆርቆሮ አይሆንም። ቤንዚን ባለበት ተራ ሲሊኮን በኛ ወርክሾፕ ክልክል ነው፣ ቤንዚን ያሳብጠውና ይፈረካከሳል። የድሮ ጋስኬት ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችልም በደረቁ መፋቅ ከልክያለሁ፣ የጭስ ማውጫውን ጋስኬት እኔ ራሴ አርጥቤ ጭምብል አድርጌ ነው ያነሳሁት፣ ልጆቹ ውጪ ሆነው።

ያልተሳካም አለ። የዘይት ማፍሰሻዋን ክዳን የሚይዟት 6 ትናንሽ ዳዶዎች ናቸው፣ የሚፈልጉት 7 ኒውተን ሜትር ገደማ የማጥበቅ ጉልበት ብቻ ነው፣ እኛ በእጅ ግምት አጠበቅናቸውና ክዳኗ ጎበጠች፣ ማፍሰሱም ባሰባት። በልጆቹ አልፈርድም። ቶርክ ሬንች (የማጥበቅ ጉልበትን የሚለካ ቁልፍ) ለሌለው ክበብ «አታጥብቁ» ማለት ሚዛን ሳይሰጡ መዝኑ እንደማለት ነው፣ ይሄን በሁለት የበጀት ስብሰባ ላይ ተናግሬዋለሁ።

አሁን ወደ ጉብኝቱ ልምጣ፣ ከዓመቱ ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው እሱ ስለሆነ። እድሜ ልካቸውን በዚህ ስራ የኖሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ጋራዣቸውን ከፈቱልን። የቤንዚን ፓምፑን መቀመጫ ጠረጴዛ ላይ አደረጉ፣ የጋስኬት ወረቀት ከላዩ ዘረጉ፣ ከዛ ክብ ጭንቅላት ባላት ትንሽ መዶሻ የብረቱን ጠርዝ እየተከተሉ ቀስ ቀስ አድርገው መታ መታ ሲያደርጉት ወረቀቱ ጠርዙ ላይ በራሱ እየተቆረጠ ወጣ፣ ያለ መቀስ ያለ እርሳስ። ሁሉም ልጅ ጸጥ አለ። መዶሻውን ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምተን ለማናውቃት አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሰጧት። የመጀመሪያው ተቀደደባት። ሁለተኛውን ስትጨርስ ግን አላነሳችውም፣ እንደያዘችው ቀና ብላ «ጋሼ፣ ወረቀቱ ቢወፍርስ?» አለቻቸው።

እሳቸው የያዙትን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ይሄን ጥያቄ አስር ዓመት አብረውኝ ሰርተው ያልጠየቁኝ አሉ» አሏትና ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) አቀበሏት። እዛ ቦታ ላይ የወረቀቱ ውፍረት ራሱ ልኬት ነው፣ የፓምፑ መግፊያ ዘንግ ምን ያህል ብቅ እንደሚል የሚወስነው እሱ ነው፣ ሲበዛ ዘንጉ አጥሮ ፓምፑ በደንብ አይስብም፣ ሲያንስ ደግሞ ከሚገባው በላይ ይገፋዋል። አሮጌውን ለካች፣ አዲሱን ለካች፣ ደብተሯ ላይ ጻፈች። ስንመለስ መኪና ውስጥ ሌሎቹን የምታስረዳው እሷ ነበረች፣ እኔ ከፊት ተቀምጬ ወደ ኋላ ሳልዞር ሰማኋት፣ ከዞርኩ ታቆማለች ብዬ ፈርቼ።

ከዛ በኋላ ስራው ፈጠነ። 8ቱን የፑሽሮድ (ቫልቭ የሚገፉ ዘንጎች) ቱቦዎች የመገጣጠሚያ መስመራቸው ወደ ላይ እንዲሆን አድርገን፣ ርዝመታቸውን ወደ 190 ሚሊ ሜትር ስበን ከ16 አዳዲስ የጎማ ማሸጊያዎች ጋር ገጠምን። የጎበጠችው ክዳን ተቃንታ በሁለት አዲስ የወረቀት ጋስኬትና በአዲስ የመዳብ ሮንዴላ ተመለሰች፣ በተውሶ ቶርክ ሬንች። ሞተሩን መልሰን 2.5 ሊትር ዘይት ሞልተን አስነሳነው፣ እስኪሞቅ ጠበቅን፣ አጠፋን፣ ከስሩ ንጹህ ካርቶን አንጥፈን አርብ ማታ ቆልፈን ወጣን።

ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ከኔ ቀድመው በር ላይ ነበሩ። በቫልቭ ክዳኖቹ ስር ደረቅ፣ በቱቦዎቹ ስር ደረቅ፣ በወንፊቷ ስር ደረቅ። በፍላይዊሉ (ከሞተሩ ጫፍ የሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት) በኩል ግን አንዲት ጠብታ አለች፣ ያልነካነው የዘይት ሲል (ማሸጊያ ቀለበት) እዛ ያለው ብቻ ነው። ያልነካነውም ስላልቻልን ነው፣ የፍላይዊሉ ትልቁ ብሎን ከ300 ኒውተን ሜትር በላይ ይፈልጋል፣ የተዋስነው ቶርክ ሬንች እዛ አይደርስም፣ በግምት እንዲጠብቅ ደግሞ ሁለተኛ አልፈቅድም።

ስለዚህ ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው ሁለት ቶርክ ሬንች፣ አንድ ትንሽ አንድ ትልቅ፣ እና አንድ ጥቅል የጋስኬት ወረቀት ነው። ካርቶኑ ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ መጥታችሁ እዩት። ያቺ ልጅ ጠብታዋን በእስክሪብቶ ከባ ከጎኗ «ፍላይዊል፣ ገና» ብላ ጽፋበታለች።