አሸዋው ከየት መጣ? ጠይቁልን

ውድ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሕንፃ በሕንፃ እየሆንን ነው፤ ደስ ይላል። የሪል ስቴት ማስታወቂያው ግን አሁን አሁን ሁሉ «አረንጓዴ» ሆኗል። አረንጓዴ አፓርትመንት፣ ለአካባቢ ተስማሚ መኖሪያ፣ ምናምን። ማስረጃ ሲባል ጣሪያ ላይ ያለው ሶላርና ግቢው ውስጥ የተተከለው ችግኝ ይጠቀሳል። ችግኙን አልጠላሁም። ሕንፃው ገና ሰው ሳይገባበት ያደረሰው ጉዳት ግን በችግኝ አይለካም።

እኔ የግንባታ ቦታ ስቶር ኪፐር ነኝ። የሚገባውም የሚወጣውም በእኔ ፊርማ ስለሆነ በማውቀው በኩል ልናገር።

የአገራችን መብራት አብዛኛው ከውኃ ኃይል የሚመጣ ነው። ሌላ አገር የሕንፃ ብክለት ሲሰላ መብራትና ማሞቂያ ትልቁን ድርሻ ሊይዙ ይችላሉ። እኛ ጋ ሒሳቡ ይገለበጣል፤ ሸክሙ ያለው ሲሚንቶው፣ ፌሮውና ዕቃውን የሚያመላልሰው ሲኖትራክ ላይ ነው። በዓለም አቀፉ የብክለት አቆጣጠር ኩባንያው ራሱ የሚያቃጥለው ነዳጅ ስኮፕ 1፣ የሚገዛው መብራት ስኮፕ 2፣ ከአቅራቢዎቹ የሚመጣው ደግሞ ስኮፕ 3 ውስጥ ይገባል። ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ የሚነግረን አልሚ ስለ ቢሮው ነገረን እንጂ ስለ ሕንፃው አልነገረንም።

ሲሚንቶን እንይ። ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ክሊንከር ሲመረት የኖራ ድንጋይ ይቃጠላል። ምድጃው ከሚበላው ማገዶ ሌላ ከድንጋዩ ከራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ሁለቱ ሲደመሩ ለአንድ ቶን ክሊንከር ከ800 ኪሎ በላይ ነው። ኦፒሲ የሚባለው ሲሚንቶ ከሞላ ጎደል ሙሉው ክሊንከር ነው። ፒፒሲ በሚባለው ሌላው ዓይነት ላይ ግን ከፊሉ ፑሚስ በሚባል ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይተካል። ስለዚህ 1,000 ኩንታል ኦፒሲ ወደ 80 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይመጣል ብንል፣ ሲሶ የሚጠጋ ፑሚስ ያለበት ፒፒሲ ወደ 60 ቶን ይወርዳል። ለግንብና ለልስን ፒፒሲ ይበቃል፤ ኦፒሲው ለምሰሶና ለሶሌታ ነው። በተግባር ግን ገበያ ላይ የተገኘው ይጫናል። ልስኑም በኦፒሲ ይሠራል። ደረሰኙ ላይ «ሲሚንቶ» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ስንት አለ መሰላችሁ! ዓይነቱ ካልተጻፈ ደግሞ ምኑ ይለካል?

አሸዋው ከዚህም ይብሳል። መኪናው በር ላይ ሲደርስ ሾፌሩን «ከየት ነው?» እለዋለሁ። «ከወንዝ።» የትኛው ወንዝ? «ኧረ ተወኝ፣ እኔ ከደላላ ነው የተቀበልኩት!» ጨዋታው በዚሁ ያበቃል። ከቦርከና ይሁን ከሌላ፣ በፈቃድ ይውጣ በሌሊት፣ ወረቀቱ አይናገርም። አሸዋ ያለልክ ሲወጣ የወንዙ ወለል ዝቅ ይላል። ዳርቻው ይናዳል፣ የገበሬው ማሳ አብሮ ይሄዳል። የድልድይ መሠረትም ይራቆታል። ይህን ዕዳ የሚከፍለው አፓርታማውን የገዛው ሰው አይደለም፤ ወንዝ ዳር የሚያርሰው ነው።

አንዳንድ ኩባንያ ይህን በቅጽ ሊፈታው ይሞክራል። ለአቅራቢው መጠይቅ ይላካል፦ አካባቢ ትጠብቃላችሁ? ሕፃናት ትቀጥራላችሁ? አንድ አቅራቢ እንዲህ ያለውን ቅጽ የመኪና ኮፈን ላይ ዘርግቶ፣ በስልክ እያወራ፣ ከላይ እስከ ታች «ራይት» ሲያደርግ አይቻለሁ። ጥያቄዎቹን አላነበባቸውም። «ሕፃናት ትቀጥራላችሁ» የሚለውም ላይ ራይት አድርጎ ነበር፤ ያንንም ቢሮ ውስጥ ያስተዋለ የለም። ቅጹ ፋይል ገባ፣ አለቀ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለውንም ቢሆን ድንጋይ በሚወጣበት ካባ ውስጥ ማሠራት አይፈቅድም። ይህን ማጣራት የሚቻለው ሳይነግሩ በሥራ ቀን ካባው ድረስ ሄዶ በማየት ነው።

አልሚዎቻችን ግን አብሽሩ፤ መለካቱ ማሽን አይጠይቅም። በር ላይ ያለው ጥበቃ ድሮም ደብተር አለው። ታርጋ፣ የጭነት ዓይነት፣ ሰዓት ይጽፋል። እዚያው ላይ የተጫነበት ቦታ፣ የሲሚንቶው ዓይነትና የተጓዘው ኪሎ ሜትር ይጨመር። ከአዲስ አበባ ወዲያ የተጫነ ፌሮ ወደ 400 ኪሎ ሜትር አቋርጦ ነው ደሴ የሚደርሰው፤ የነዳጁ ሒሳብ ቀላል አይደለም። እግረ መንገድ የተሰበረው ብሎኬትና አንዴ ብቻ አገልግሎ ለማገዶ የሚሄደው አጠናም ይመዝገብ። በመጨረሻ ድምሩ ለሕንፃው ስፋት ይካፈል። በካሬ ሜትር ይህን ያህል ከተባለ ትልቁን ኩባንያ ከትንሹ ጋር ማወዳደር ይቻላል። «አረንጓዴ ነን» የሚለውን ግን ከምን ጋር እናወዳድረዋለን?

አንድ ነገር ያሳስበኛል። ወረቀት የሌለው ሁሉ ይባረር ከተባለ መጀመሪያ የሚወድቁት በማኅበር ተደራጅተው አሸዋና ጠጠር የሚጭኑት ወጣቶች ናቸው። ደላላው ወረቀት አያጣም፤ ከየትም ያመጣል። ስለዚህ ማኅበራቱ ፈቃዳቸውንና መዝገባቸውን እስኪያስተካክሉ ጊዜ ይሰጣቸው፤ አልሚውም በዋጋው ትንሽ ከፍ ይበልላቸው። በነፃ የሚመጣ ንጹሕ አሸዋ የለም።

እናንተን የምለምነው የሚከተለውን ነው። የሪል ስቴት ባለቤት ቃለ መጠይቅ ስታደርጉ ስለ ችግኙ መጠየቁን ተዉትና በካሬ ሜትር ስንት ኪሎ ሲሚንቶ እንደገባ፣ ምን ያህሉ ኦፒሲ እንደሆነ፣ አሸዋው ከየትኛው ወንዝ እንደወጣ ጠይቁልን። መልሱን ከነቁጥሩ አትሙት። ቁጥር ከሌላቸውም «የለንም» ማለታቸውን ጻፉ።

አንባቢያችሁ፣
ከኮምቦልቻ