ስለ አንድ የተረሳ ፊልም

ክቡር አዘጋጅ፣

የፊልም ዓምዳችሁን አነባለሁ። የድሮ የሆሊውድ ወንጀል ፊልም ሲነሳ ግን ሁሌም ያው የታወቁት ናቸው። «ዘ ናሮው ማርጂን»ን ማንም አያነሳውም። በ1952 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ሪቻርድ ፍሌይሸር ያዘጋጀው ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። 71 ደቂቃ ብቻ። ከደሴ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ደርሼ እስክመለስ ያልቃል።

አንድ መርማሪ የሟች ወንበዴ አለቃን ሚስት ለምስክርነት ከቺካጎ ሎስ አንጀለስ በባቡር ይወስዳል። ገዳዮቹም ተሳፍረዋል፤ መልኳን ግን አያውቁም። በቃ።

እኔ በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሞተር የሚታወቀው በጆሮ ነው። እዚህ ፊልም ላይ የጀርባ ሙዚቃ የለም ማለት ይቻላል። ልብ የሚያንጠለጥለው የባቡሩ ድምፅ ነው። ሴትየዋ ጥፍሯን ስትሞርድ፣ ያ ፍግፍግታ ሳይታወቅህ የባቡሩ ጉዞ ይሆናል። ባለቤቴ እንኳ ቡና መቁላቷን ትታ ቀና አለች።

ጠባቡ ኮሪደር ላይ ደግሞ አንድ ወፍራም ሰውዬ በመጣ ቁጥር መንገድ ይዘጋል። ሳቄ መጣ። ሐረጎ ላይ ከፊቴ የሚገተር ተሳቢ ትዝ አለኝ፤ አትቀድመው፣ አትመለስ!

ሴትየዋን ሆና የምትጫወተው ማሪ ዊንዘርማ ምላሷ ምላጭ ነው። መርማሪውን ቁም ስቅሉን ታሳየዋለች።

እባካችሁ አንድ ቀን ጻፉበት። መጨረሻውን ግን እንዳትናገሩ፤ ልጄ ገና አላየውም።

የቀድሞ ሾፌር፣ ከደሴ