ኳሱን አቀብሏቸው፣ ጎሉን ግን አትስጧቸው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አዳማ ሙቀቱ በርትቷል። እናትሽ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታልሻለች፤ ወደ ሐዋሳ የሚመጣ ሰው ስናገኝ እንልካለን።

ከተመለስኩ ጀምሮ ስለዚያ ቅዳሜ ጨዋታ ሳወራ ነው የሰነበትኩት። ኮርቼብሻለሁ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ወጣቶች ማሊያ አልብሳችሁ፣ ዩኒቨርሲቲው ሜዳ ላይ ከእናንተ ጋር በአንድ ቡድን ማሰለፋችሁ ቀላል ነገር አይደለም። የሚያሳስበኝ የአንድ ቀን ዝግጅት ሆኖ እንዳይቀር ነው። ቲሸርት ታትሞ፣ ፎቶ ተነስቶ የሚያልቅ ነገር ሞልቷል። እነዚያ ልጆች ግን በቀጣዩ ቅዳሜም ጫማቸውን አድርገው ይጠብቃሉ።

ያ ረጅሙ፣ ሰማያዊ ለባሹ ልጅ ትዝ ይልሻል? ኳሱን በቀስታ መታው። በረኛችሁ የያዘውን ኳስ ሆን ብሎ ለቀቀለት። ሁላችሁም ጮኻችሁ፣ አቀፋችሁት። እሱ ግን አልጨፈረም። ኳሱን ከመረቡ አንስቶ በረኛውን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ወስዶ መሀል ሜዳ አስቀመጠው። ገብቶታል። ዕድሜዬን ሙሉ ስፖርት አስተምሬያለሁ፤ ተጫዋች ሲከፋው ፊቱን አይቼ አውቃለሁ።

ዳውን ሲንድረም የሚሉት፣ አብሮ የሚወለድ የዘረመል ልዩነት ያለባት ልጅ ደግሞ ከእግርሽ ኳስ ነጥቃ ስትሮጥ ተናደሽ ከኋላዋ በረርሽ። ያኔ ነው እኔ ከተቀመጥኩበት ብድግ ያልኩት። እሷም ዞር ብላ አይታሽ ፍጥነት ጨመረች። እናቴ፣ እንደዚያ ተጫወቱ። ኳሱን አቀብሏቸው፣ ጎሉን ግን አትስጧቸው።

ስፔሻል ኦሊምፒክስ፣ ይህ ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች የሚያወዳድረው ዓለም አቀፍ የስፖርት ድርጅት፣ ይህን የሚያስተካክለው በምደባ ነው። ተወዳዳሪዎችን በዕድሜ፣ በጾታና በችሎታ ይከፋፍላል፤ ጀማሪው ከጀማሪ፣ ጠንካራው ከጠንካራ ይገናኛል። ዩኒፋይድ በሚሉት ዓይነት፣ አምስት ለአምስት ሲጫወቱ ሦስቱ ውስንነቱ ያለባቸው ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ እንደ እናንተ ያሉ አጋሮች። ሁለቱ አጋሮች እርስ በርስ እየተቀባበሉ ጎል ካገቡ፣ ሦስቱ ማሊያ የለበሱ ተመልካቾች ሆኑ ማለት ነው። ባለፈው አንዳንዴ እንደዚያ ሆኖባችኋል።

ተማሪ በዚህ ሥራ ውስጥ አዲስ አይደለም። የስፔሻል ኦሊምፒክስ መሥራች አሜሪካዊቷ ዩኒስ ኬኔዲ ሽራይቨር በ1962 እ.ኤ.አ. ሜሪላንድ በሚገኘው ግቢዋ የክረምት ካምፕ ስትከፍት፣ ከልጆቹ ጎን የቆሙት የሁለተኛ ደረጃና የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ። የራሷ እህት ሮዝሜሪም ይህ ውስንነት ነበረባት። ከዚያ ግቢ የተነሳው ነገር በ1968 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ የመጀመሪያው የስፔሻል ኦሊምፒክስ ውድድር ሆነ።

አሁን እንደ አስተማሪ ልምከርሽ። ቀኑ፣ ሰዓቱና ሜዳው አይቀያየር። ለአንዳንዶቹ የለመዱት ነገር በድንገት ሲቀየር በጣም ይከብዳቸዋል። ፈተና ሲደርስ የምታቋርጡ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ መቼ እንደምትመለሱም ጭምር። ስታሠለጥኑ አንድ ነገር ብቻ፣ በአጭሩ። ከመናገር ይልቅ ሠርታችሁ አሳዩ። ፊሽካው ሲጮህ ጆሮውን የያዘውን ልጅ አይተሽዋል? ለእሱ እጅ ማንሳት ይበቃል። ጢም ያበቀለን ሰው ደግሞ «ማሙሽ» አትበሉት፤ ስም አለው።

አንድ ጥብቅ ነገር ግን አለ። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው አንዳንዶቹ አንገታቸው ላይ የላይኛው አጥንት መገጣጠሚያ ላላ ያለ ነው። ግማሽ ያህሉ ደግሞ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳሉ። ስለዚህ ሐኪም ሳያያቸው በቴስታ መምታት የለም፣ መገለባበጥም የለም። ክበባችሁ ውስጥ የሕክምና ተማሪዎች አይጠፉም፤ አማክሯቸው።

ከሁሉ በላይ ልቤ የቀረው ከእናቶቹ ጋር ነው። እናንተ ስትሯሯጡ እኔ ዛፉ ሥር አብሬያቸው ተቀምጬ ነበር። መጀመሪያ ላይ አንዳቸውም ጀርባቸውን ዘና አላደረጉም፤ ዓይናቸው ሜዳው ላይ፣ ቦርሳቸው ጭናቸው ላይ። ልጃቸው ቢወድቅ ሊሮጡ ተዘጋጅተዋል። ከዕረፍት በኋላ አንዷ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። «ልጄን ሌላ ሰው ይዞልኝ እኔ እንዲህ ቁጭ ብዬ አላውቅም» አለችኝ። የጎረቤት አፍ ፈርታ ለዓመታት ከግቢ አላስወጣችውም። ሰው እርግማን ነው ይላታል፣ አንዳንዱም የአእምሮ ሕመም ይመስለዋል። ሁለቱም አይደለም። ለመማርና ነገሮችን ለመረዳት ከሌላው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል፤ ይኸው ነው።

እነዚህ ሴቶች በባጃጅ ነው የሚመጡት፣ ደርሶ መልስ። ክበቡ ገንዘብ ካገኘ ከቲሸርቱ በፊት የእነሱን ሂሳብ ይሸፍን። ቡናም ይፈላላቸው። እርስ በርስ ሲያወሩ የሚለዋወጡት ምክር እኛ ከምንሰጣቸው ይበልጣል።

ሜዳ ስትጠይቁም አትለማመጡ። ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 30 ላይ፣ በስፖርት የመሳተፍ መብታቸውን በግልጽ አስቀምጧል። ደብዳቤያችሁ ላይ ጥቀሱት። አንቺ ተመርቀሽ ስትወጪ የሚረከብ ሰውም ከአሁኑ አዘጋጂ፤ ከፍሬሽ ተማሪዎች ጀምሪ።

ለጥቂት ጫማዎች የሚሆን ብር ልኬልሻለሁ። ቁጥራቸውን እየጠየቅሽ ግዢ።

ሌላም አደራ አለኝ። ያቺ ቦርሳዋን ያስቀመጠችው እናት፣ ሰፈሯ ውስጥ ከቤት ወጥታ የማታውቅ ወጣት እንዳለች ነግራኛለች። ሂዱና አነጋግሯቸው። ግን ተማሪዎች ሰብሰብ ብላችሁ እንዳትሄዱ፤ ቤተሰቡ ይደነግጣል። አንቺና እሷ ብቻችሁን ሂዱ። መጀመሪያ እሷ ትናገር።

አባትሽ
ከአዳማ