ስለ ድራፍቱና ስለ ጉድለቱ፦ ከፍራንክፈርት ለታናሼ

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ፣ ደሴ።

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር ተመስገን ደህና ነኝ። ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ባንኮኒ ላይ መቀጠርህን እማዬ እያለቀሰች ነገረችኝ። የኔን የዚያን ጊዜ እብደት ስለምታውቅ ነው። ልቆጣህ ምን አፍ አለኝ? የማውቀውን ልጻፍልህ እንጂ።

ከድራፍቱ ልጀምር፤ የልጅ ደሞዝ የሚያልቀው እሱ ላይ ነው። በርሜሉ ከኮምቦልቻ የመጣ ከሆነ የሐረጎን ዳገት እየተናጠ ነው የወጣው፤ እንደወረደ ብትቀዳው አረፋ ብቻ ነው። ቢያንስ አንድ ሌሊት ቀዝቃዛ ቦታ ይረፍ። ቢራው 3 ወይም 4 ዲግሪ ይሁን። መብራት ጠፍቶ ከሞቀ ዳግም እስኪቀዘቅዝ አትቅዳ። ጀማሪ አረፋ ሲያይ እጁ ቢራውን ወደሚገፋው ጋዝ፣ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ፣ ይሮጥና ግፊቱን ይቀንሳል። ይሄ ነው የሚያባብሰው፤ ግፊቱ ሲላላ ጋዙ ከቢራው እየወጣ ቱቦው ውስጥ አረፋ ይሆናል። ደግሞ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ስስ ነው። ለባሕር ወለል ተብሎ በተጻፈው ግፊት ላይ ሩብ ባር (የግፊት መለኪያው ነው) ያህል ጨምርበት። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ከዚያ ያነሰ ይበቃታል። ቧንቧውን ሙሉ በሙሉ ክፈት፤ ግማሽ የተከፈተ ቧንቧ ራሱ አረፋ ይሠራል። የጃምቦ ብርጭቆ ከጥብስ ሳህን ጋር አይታጠብ፤ ቅባት የነካው ብርጭቆ ላይ ቢራው ወዲያው ይሞታል።

ሂሳቡን ተመልከት። 30 ሊትር በርሜል፣ ብርጭቆው 330 ሚሊ ከሆነ፣ 90 ጃምቦ ይወጣዋል። በየብርጭቆው 30 ሚሊ ቢራ በአረፋ ከደፋህ ግን 83 ነው። ሰባቱ የት ገባ ሲሉህ መልስ የለህም፤ ጉድለት ተብሎ ከደሞዝህ ይቆረጣል። አረቄውም እንደዚያው ነው፦ 750 ሚሊ ጠርሙስ በ40 ሚሊ መለኪያ 18 ይወጣዋል። በዓይን ግምት ለጓደኛ ሞላ አድርጎ መቅዳት ጀግንነት ይመስላል፣ እስከ ወር መጨረሻ።

ቱቦው ማታ ማታ በውሃ፣ በሳምንት አንዴ በቱቦ ማጽጃው መድኃኒት ይታጠብ፤ ከዚያ የሚወጣው ውሃ ጣትህን ማንሸራተት እስኪያቆም ድረስ አጥራው። መድኃኒቱን በለስላሳ ጠርሙስ እንዳታስቀምጥ! ጨለማ ውስጥ አንስቶ የጠጣ ሰው ጉሮሮው ይላጣል። የጋዙን ሲሊንደር አቁመህ ከግድግዳ ጋር በሰንሰለት እሰረው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ከወለል ተኝቶ ይጠብቅሃል፤ በተዘጋ መጋዘን ውስጥ ራስህን ካመመህ ወይ ትንፋሽ ካጠረህ፣ ሌላውን ሁሉ ትተህ ውጣ።

ባዶ የውስኪ ጠርሙስ የሚገዛህ ሰው ይመጣል። ሰባብረህ ጣል እንጂ አትሽጥ፤ ሌላ ነገር ተሞልቶ ይመለሳል። በርካሽ የመጣና ቆርኪው የላላ ጠርሙስም መደርደሪያህ ላይ አይውጣ። ሜታኖል የሚባለው መርዛማ አልኮል ከሆነ ጥቂቱ ዓይን ያጠፋል፣ ትንሽ ከበዛ ይገድላል፤ በማሽተትና በመቅመስ ደግሞ አይለይም።

ደንበኛ ሲጋብዝህ «ለነገ ይያዝልኝ» በልና ቢራው ሳይከፈት ይቀመጥ። ቆርኪ የሚቆጠረው ሌሊት ነው፤ የሰከረ ባርማን ቆጥሮ አያውቅም። ከተዘጋ በኋላ «ኮምቦልቻ ወርደን እንጨርሰው» የሚል አይጠፋም። ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ የመኪናው መብራት ራሱ ነጭ ግድግዳ ነው የሚያሳይህ፤ መሪውን የያዘውም እንዳንተው ጠጥቷል። እዚያው ደሴ፣ ሸዋ በርም ብትሆን፣ በእግርህ ግባ።

ለእማዬ የላክሁት ከረጢት ውስጥ ቴርሞሜትርና ባለ 40 ሚሊ መለኪያ አለ። ቴርሞሜትሩን መጀመሪያ በረዶ የሞላበት ውሃ ውስጥ ንከረው፤ 0 ካላነበበ ደውልልኝ፣ ሌላ እልካለሁ።

ወንድምህ