አምስተኛዋ ጣት

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? የዓይን ጠብታውን በሰዓቱ ያደርጉታል? እህቴ ጠዋት ጠዋት ይረሳሉ ብላኛለች። ለሞራው ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ይዣለሁ፤ "ከፋሲካ በፊት ከእምድብር አልነቃነቅም" የሚሉትን ነገር እባክዎ ይተዉት።

ልጆቹ ደህና ናቸው። የትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቋል። ትልቋ ለመጀመሪያ ቁርባኗ እየተዘጋጀች ነው፤ ክረምት ላይ እንዳስተማሯት በጣቷ ትቆጥራለች። አውራ ጣት ኅሊናን መመርመር፣ ቀጥሎ መጸጸት፣ መሐል ጣት ዳግም ላለመበደል መቁረጥ፣ ከዚያ መናዘዝ፣ ትንሿ ጣት ካሳ። እኛንም ከጸሎት ቤቱ ጓሮ እንዲሁ ነበር የሚያስቆጥሩን። ባለፈው እሑድ ትንሿን ጣቷን ይዛ፣ "አባባ፣ የሰረቀ ሰው ሰላም ለኪ ከደገመ ይበቃዋል?" አለችኝ። መልስ አጣሁ።

አባዬ፣ በ1988 የጸሎት ቤቱን የቆርቆሮ ብር የወሰድኩት እኔ ነኝ። 140ውንም ብር። የእህትዎ ልጅ አልነካውም። እሱ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።

ሳልናዘዝ ቀርቼ አይደለም። "ዋሽቻለሁ" ብዬ አልፍ ነበር። ከባድ ኃጢአት በዓይነቱና በቁጥሩ ይነገራል፣ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያናችን በትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1551 ደንግጋዋለች እያሉ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። አውቆ የደበቀ ሰው ኑዛዜው ኑዛዜ እንዳልሆነም አውቅ ነበር። በዚህ አፌ ስንት ፋሲካ ቆረብኩ!

ዘንድሮ ጾሙ ሲገባ ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። አባ አልተቆጡኝም። ፈቱኝ። ግን ገንዘቡን መመለስ ቀላሉ ነው፣ የሰውየውን ስም ባጠፋህበት ቤት አንሣው አሉኝ። የኑዛዜው ምስጢር እሳቸውን እንጂ እኔን አያስረኝም። ብሩን ለመተካት ጊደሯን መሸጥዎን አልረሳሁም። እንደ ዘኬዎስ አራት እጥፍ ብመልስ 560 ብር ነው፤ በዚያ ዛሬ ጊደር አይገዛም። ጊደሯን ራሷን እተካለሁ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ብቀር አሁንም መደበቄ ነው። ያን ማታ እሱ በማርያም እየማለ ሲያለቅስ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኔ አልዞሩም። ቢያዩኝ ፊቴ ይናገር ነበር። በዝናብ ሲወጣ በሩን የዘጉት እርስዎ ነዎት። ያኔ ለእኔ የእርስዎ ፍርድ የእግዚአብሔር ፍርድ ነበር፤ ከፈረዱ በኋላ እውነቱን መናገር የማይቻል መሰለኝ። ጥፋቴን ላካፍልዎ ብዬ አይደለም፤ ውሸቱ የእኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን አገር ምድሩ ለመስቀል ሲሰበሰብ እንኳ የእሱ ስም በቤታችን አለመነሳቱ የእኔ ብቻ አይደለም።

ዛሬም ሲጨንቀኝ የምጸልየው እርስዎ ባስተማሩኝ ቃል ነው።

ደብዳቤውን እህቴ ጮክ ብላ ታንብብልዎ። እሷም ያኔ አምናኛለችና ትስማ። ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና እነሳለሁ። ወልቂጤ ወርጄ አስቀድሜ እሱ ሱቅ እገባለሁ። ይቅር ይበለኝ አይበለኝ አላውቅም፤ እምቢ ቢል እንኳ መብቱ ነው። እሺ ካለኝ ግን ይዤው እመጣለሁ። ዝናብ ከጣለ መንገዱ ያስመሸናልና በሩን እንዳይቆልፉት።

ልጅዎ